የዱዊሊዮ ትከሻ

እኔ ክፉው ነገር ቀድሞ የሚታየኝ ሴት ነኝ። ደመና ሳይ ጎርፍ፣ ፖስተኛ ሳይ መርዶ ይታየኛል። ባለቤቴ ዱዊሊዮ በሕይወት ሳለ «አሱንታ፣ አንቺ እኮ ገነት ብትገቢ እንኳ ጣሪያው ያፈስ ይሆን ብለሽ ቀና ትያለሽ» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ስለዚህ አንዲት ልጄ ኤርሲሊያ ሳቬሪዮን መውደዷ ሲገባኝ፣ ሊመጣ የሚችለውን መከራ ሁሉ በየተራ አሰብኩት። ደቡብ፣ ካላብሪያ፣ እናቱ መንደር ሌላ እጮኛ ትኖረው ይሆናል አልኩ። የሚሠራበት የሲሚንቶ ፋብሪካ አቧራ እንደ አባቱ ሳንባውን ይበላዋል አልኩ። በዚያች ባረጀች ቬስፓው ልጄን ይዞ ገደል ይገባል አልኩ። ይሄን ሁሉ ስፈራ፣ መፍራት የነበረብኝን አንዱን ነገር ዘለልኩት።

ሱቃችን ከትልቁ አደባባይ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። ጨርቅ እንሸጣለን፣ ልብስ እንሰፋለን። የግንቦቱ የጧፍ በዓል ሲቃረብ ከተማችን ጉቢዮ ውስጥ ሌላ ልብስ የሚያሰፋ የለም። ሱሪው ነጭ፣ መቀነቱ ቀይ ነው፤ ሸሚዙ ግን እንደ ወገኑ ይለያል። የቅዱስ ኡባልዶ ወገን ቢጫ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሰማያዊ፣ የአባ እንጦንስ ጥቁር ይለብሳል። ዱዊሊዮን ከገና በፊት ቀበርነው። የሐዘን ልብሳችንን ሳናወልቅ ሳቬሪዮ ሰማያዊ ሸሚዝ ላሰፋ ብሎ ገባ።

ኤርሲሊያ የትከሻውን ስፋት ለካችና ቁጥሩን ረሳችው። ደግማ ለካች፣ ደግማ ረሳች። እሱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የዱዊሊዮን ፎቶግራፍ እያየ ቆሟል። በመጨረሻ ዞር ሲል ዐይን ለዐይን ተገጣጠሙ፤ ልጄም ሜትሩን ከእጇ ጣለችው። ያ ዐይን ከፎቶግራፉ ተነሥቶ ወደ እሷ እንደመጣ በገዛ ዐይኔ አይቻለሁ። አየሁት እንጂ ምን ማለት እንደሆነ አላሰብኩም።

«የማን ነህ?» ስል ጠየቅኩት። እኛ ዘንድ ይሄ የአባት ስም መጠየቅ አይደለም፤ የየትኛው ቅዱስ ወገን ነህ ማለት ነው።

«የማንም አይደለሁም፣ ሲኞራ» አለ። «አባቴ ለፋብሪካው ሲመጣ ገና ሕፃን ነበርኩ። እዚህ ነው ያደግኩት፤ ግን የማንም አይደለሁም።»

«ታዲያ ለምን ሰማያዊ?» አለች ኤርሲሊያ ሜትሩን ከመሬት እያነሣች።

«ያምርብሃል የሚለኝ ሰው ባገኝ ብዬ።»

«ገና አልለበስከውም እኮ!»

«እስክለብሰው ትጠብቂያለሽ?»

ልጄ ሳቀች። አባቷ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነበር። ለዚያች ሳቅ ስል ብዙ ነገር እንዳላየ አለፍኩ።

ጧፍ እንላቸዋለን እንጂ የምንሸከማቸው የፎቅ መስኮት የሚደርሱ ሦስት የእንጨት ማማዎች ናቸው። አናታቸው ላይ ቅዱሳኑ ቆመው፣ በትከሻ በሚነሣ ወሳንሳ ይዘናቸው ተራራው ላይ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን በሩጫ እንወጣለን። ተሸካሚዎቹ ሩጫውን ሳያቆሙ መንገድ ላይ ይቀያየራሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን የሚሮጥበት የራሱ አጭር ርቀት አለው። በሱቃችን ደጅ የሚያልፈው የቁልቁለቱ ቡድን የጊዮርጊስን ጧፍ ሲረከብ የፊተኛው የግራ ቦታ «የዱዊሊዮ ትከሻ» ይባላል። ትከሻ አይሸጥም፤ በልመናም አይገኝም። ከአባት ወደ ልጅ ይሄዳል። ወንድ ልጅ ከሌለ የሴት ልጅ ባል ይገባበታል። ዱዊሊዮ ሲሞት የቡድኑ አለቃ ዲኖ ቤታችን መጣና ቆቡን አውልቆ «ትከሻው ከዚህ ቤት አይወጣም፤ ኤርሲሊያ እስክታገባ እኔ እጠብቀዋለሁ» አለን። እኔ ያን ጊዜ እያለቀስኩ ስለነበር ማን ማን እንደሰማ ልብ አላልኩም። ከተማው ሁሉ ሰምቷል።

የዱዊሊዮ እኅት ዜሊንዳ ሳቬሪዮን በቀላሉ አልተቀበለችውም። የሲሚንቶ ሠራተኛ ልጅ፣ ያውም መጤ፣ የነጋዴ ቤት ሊገባ! እሁድ ምሳ ላይ እንደ ዳኛ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ መረመረችው።

«አንተ ልጅ፣ ጧፍ ለምን ጧፍ እንደተባለ ታውቃለህ?»

«ጳጳሱ ኡባልዶ ሊያርፉ ሲሉ የከተማው ሰው ጧፍ አብርቶ ደጃቸው ላይ ቆመ፣ እትዬ ዜሊንዳ። ካረፉ በኋላም ግንበኞቹ፣ ነጋዴዎቹ፣ ገበሬዎቹ በየዓመቱ ትልልቅ የሰም ጧፍ ያመጡላቸው ነበር ይባላል። በኋላ ሰሙ እየቀለጠ ሲያስቸግር በእንጨት ተተካ።»

«ሰሙ ቀልጦ አይደለም፤ ሰሙ ተወድዶ ነው። ነጋዴዎች ነን፤ እኛ እናውቃለን።»

«ከኡባልዶ በፊት የነበረ የአረማውያን በዓል ነው የሚሉም አሉ...»

ዜሊንዳ አማተበች። «በዚህ ገበታ ላይ አይባልም!»

ኤርሲሊያ ሳቋን በፎጣ አፈነች። ከጠረጴዛው ሥር እግሯ እግሩን ሲነካ ጨርቁ ተንቀሳቀሰ፤ አየሁ፤ ዳቦ መቁረሴን ቀጠልኩ።

«እሺ፣ ይሄን መልስልኝ» አለች ዜሊንዳ ሹካዋን እየቀሰረች። «ኡባልዶ አንደኛ፣ ጊዮርጊስ ሁለተኛ፣ እንጦንስ ሦስተኛ። መቅደም ክልክል ነው። አንደኛው ከታወቀ ምኑ ነው ሩጫ?»

ሳቬሪዮ አሰበ። «ማን እንደሚቀድም ለማየት አይመስለኝም» አለ። «ከሥሩ ማን እንዳለ ለማየት ነው።»

ዜሊንዳ ሹካዋን አወረደች። ዜሊንዳን ሲረታት ያየሁት የመጀመሪያው ሰው ነበር። ደስ ብሎኝ ከጥንቸሉ ጥብስ ጨመርኩለት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ» አለኝ።

ጭልፋው እጄ ላይ ቀረ። ወንድ ልጅ ያልወለድኩ ሴት መሆኔን ያወቀ መሰለኝ። ያን ዕለት ማጠቢያው ጋ ቆሜ «ይሄስ ልጄ ነው» አልኩ። ፍርሃቴ ለአንድ ቀን ለቀቀኝ።

የበዓሉ ጧት ከበሮ ከተማውን ቀሰቀሰ። እኔ ተነሥቼ መጀመሪያ ሰማዩን አየሁ፤ ጠርቷል። የጠራ ሰማይም አላምንም። ድንጋዩ ይሞቃል፣ ሰዎቹ ይጠማሉ፣ ወይኑን ያበዛሉ፣ ይወድቃሉ። ኤርሲሊያ ጥቁሯን አውልቃ ሰማያዊ ሻሽ አስራለች። እንደዚያ አምራ አይቻት አላውቅም።

ተሸካሚዎቹ በጊዮርጊስ ወገን አዳራሽ ቁርስ ላይ ተሰብስበዋል። እንደ ደንቡ ዓሣ፣ ዳቦ፣ ወይን ቀርቧል። ሴቶቹ ሳህን እናመላልሳለን። ሳቬሪዮ ከቁልቁለቱ ቡድን መሀል ተቀምጧል፤ ሠርጉ ገና ቢሆንም ስለታጩ ዲኖ ዘንድሮ ቦታውን ለቆለታል። ሸሚዙን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ትከሻው ላይ ልክ ነው።

«ሳቬሪዮ!» ብሎ ጮኸ ባለ ሉካንዳው ኦሬስቴ ከወዲያ ጫፍ። «ቁርጡን ንገረን! የምታገባው ልጅቷን ነው ጧፉን?»

ሳቁ አዳራሹን ሞላው።

«አንዱን ስገዛ አንዱ ምርቃት ነው» አለ ሳቬሪዮ።

«ኒቬስስ? ኒቬስን ረሳሃት?»

«የምን ኒቬስ?» አለ ከእኔ አጠገብ የተቀመጠ፣ ለሥራ ሮም ከርሞ የመጣ ሰው።

«አልሰማህም? የጋጋሪው የቪርጂሊዮ ልጅ ናታ!» ኦሬስቴ ወንበሩ ላይ ቆመ። «ቪርጂሊዮ ጉልበቱን ታመመና ጧፍ መሸከም አቃተው፤ ወንድ ልጅ የለውም፤ ይሄ ወዳጃችን በየቀኑ ዳቦ ሲገዛ ከረመ። እናቱ ደረቅ ዳቦ የምታደርግበት አጣች! ከዚያ የኒቬስ አጎት ልጅ ከጀርመን ተመለሰና ትከሻውን ወሰደው። በማግስቱ ሳቬሪዮ ዳቦ ቤት ቀየረ!»

ሰዉ ጠረጴዛ እየደበደበ ሳቀ። ክፉ አስበው አይደለም። ለእነሱ ይሄ ሙገሳ ነው፤ ለጧፉ ሲል ዓመት ሙሉ ደረቅ ዳቦ የበላ ሰው ከእነሱ አንዱ ነው። እኔ ግን የያዝኩት ሳህን ከበደኝ። ኒቬስን አውቃታለሁ። በዚያ ዓመት ድንገት ከስታ፣ ፔሩጃ አክስቷ ዘንድ ሄዳ ቀረች። ሳንባዋን ነው ተብሎ ነበር።

«የኤርሲሊያ አጎት ልጅስ ከጀርመን ቢመጣ?» አለ ሌላው።

«የሷ ዘመዶች ሁሉ ሽማግሌ ናቸው» አለ ሳቬሪዮ እየሳቀ። «አጣርቻለሁ!»

ያን ብሎ ብርጭቆውን ሊያነሣ ዞር ሲል ልጄን አያት። ከጀርባው ሳህን ይዛ፣ እንዳታለላት ሰው እያየችው ቆማለች። ሳቁ ከፊቱ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ወደቀ። ኤርሲሊያ ሳህኑን አልጣለችውም። ኦሬስቴ ፊት ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና «ሳይቀዘቅዝ ብላ» አለችው። ከዚያ ወጣች።

ሳቬሪዮ ተከተላት፤ እኔም በጓሮ በኩል ሱቃችን ደረስኩ። ሁለቱ ቀድመውኛል። ጨርቁን ከምናስቀምጥበት ጓዳ መጋረጃ ጀርባ ቆምኩ። መግባት ነበረብኝ፤ አልገባሁም።

«ቀልድ ነው እኮ ኤርሲሊያ! በማርያም ይዤሻለሁ፤ አታውቂያቸውም? ካልቀለድኩ ይበሉኛል!»

«ኒቬስ ቀልድ ናት?»

ሳቬሪዮ ወደ እሷ ሲራመድ የጫማው ድምፅ ተሰማኝ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ» አለች። ድምፅዋን አላወቅኩትም፤ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ወንድም ቢኖረኝ ኖሮ፣ እዚህ ሱቅ ትገባ ነበር?»

በል! አልኩ በሆዴ። ቶሎ በል! ውሸትም ቢሆን በል፤ እኔ ይቅር እልሃለሁ! ከበሮኞቹ በደጃችን መጡ፣ አለፉ፣ ድምፃቸው ከታች መንገድ ላይ ጠፋ። ሳቬሪዮ ገና አልመለሰም። ብዙ ክፉ ቃል በሕይወቴ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ዝምታ የከፋ ግን አልሰማሁም።

«አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «እውነቱን ልንገርሽ፤ አላውቅም። ትምህርት ቤት 'የማን ነህ?' ሲሉኝ ሽንት ቤት ገብቼ እደበቅ ነበር። በየዓመቱ ከአባቴ ጋር ግድግዳ ተጠግተን እንቆማለን። ጧፉ ሲያልፍ ነፋሱ ፊታችንን ይመታናል። የኛ ድርሻ ያቺ ነፋስ ነበረች፤ እሷን ይዘን ወደ ቤት እንገባለን። እና አዎ፤ መጀመሪያ የመጣሁት ለትከሻው ነው። ከዚያ ወደድኩሽ። አሁን አንቺ የት ላይ እንደምታልቂ፣ እሱ የት ላይ እንደሚጀምር፣ እኔ ራሴ መለየት አቅቶኛል።»

«እኔ አልቸገረኝም» አለች። «እዚህ ጋ ነው የማልቀው።»

«ኤርሲሊያ!»

«ስትስመኝ ማንን ነበር የምትስመው? አባቴን?»

«አባትሽስ?» አለ። ድምፁ ከፍ አለ፤ የተያዘ ሰው ድምፅ ነው። «አባትሽ ትከሻውን ከየት አመጣው? የእናትሽ አባት አይደለም ወይ የሰጠው? ዲኖ ነው የነገረኝ። እናትሽም ወንድም አልነበራትም። እና እነሱ አልተዋደዱም?»

መጋረጃውን ጨበጥኩት። አባቴ ዱዊሊዮን ሲመርቀው፣ እጁን ከጭንቅላቱ ላይ አንሥቶ ትከሻው ላይ ሲያሳርፍ፣ ዱዊሊዮ ያለቀሰው ታየኝ። የሠርጋችን ዕለት ነበር። ስለ እኔ ያለቀሰ መስሎኝ ኖሬያለሁ።

«ሳቬሪዮ!» የዲኖ ድምፅ ከመንገድ መጣ። «ጧፉን ሊያነሡት ነው! ና እንጂ፣ ሙሽራው! ወይስ እኛ እንግባልህ?»

የዱዊሊዮ ቀይ መቀነት ተተኩሶ ባንኮኒው ላይ ነበር። ለተሸካሚው የምታስርለት የቤቱ ሴት ናት። በመጋረጃው ስንጥቅ በኩል ኤርሲሊያ ስታነሣው አየሁ።

«እንካ» አለች። «የአባቴ ትከሻ ባዶውን አይሮጥም። ላንተ ሰጥቼሃለሁ፤ ለዲኖም እነግረዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው፤ ማንንም ማግባት አይጠበቅብህም። እኔ ግን ምርቃት አይደለሁም።»

እጇን ዘርግታ ቆመች። የምትጠብቀው ገባኝ። «አልፈልግም» እንዲላት ነው። አንዲት ቃል። መቀነቱን መሬት ላይ ቢወረውረው እኔ ራሴ ሮጬ ወጥቼ ግንባሩን እስመው ነበር። እሷም ታውቃለች፣ እሱም የሚያውቅ ይመስለኛል፤ ዐይኑ እንባ ሞልቶ እሷ ላይ ቀርቷል።

እጁ ግን ዐይኑን አልጠበቀም። መቀነቱን ያዘ።

ኤርሲሊያ ጫፉን ለቀቀችው። እንደዚያ ቀስ ብሎ የተለቀቀ ነገር አይቼ አላውቅም።

አመሻሹ ላይ ከሱቁ በላይ ባለው መስኮት ቆምን። ኤርሲሊያ፣ ዜሊንዳና እኔ። ዜሊንዳ ምንም አልሰማችም፤ መቁጠሪያዋን ይዛ በደስታ ትንቀጠቀጣለች። የዘንድሮን በዓል በሐዘን ልብስ አሳልፈዋለሁ ብላ የፈራች ሴት ናት።

«ድንጋዩ ያንሸራትታል» አልኩ። «ዛሬ ይወድቃል። ያ ልጅ አልለመደም፤ ይወድቃል።»

«ቢወድቅ ደስ ይልሽ ነበር?» አለች ኤርሲሊያ። አላየችኝም።

መልስ ሳልሰጥ ጩኸቱ ከላይ ወረደ። ኡባልዶ በቢጫዎቹ ትከሻ ላይ እየተናጠ አለፈ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ከኋላው ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ ሆኖ ታየ፤ የመስኮታችንን ክፈፍ ሊገጭ ትንሽ ቀረው። ከሥሩ፣ በፊተኛው በግራ፣ ሳቬሪዮ ነበር።

አልወደቀም። አንገቱን አጣሞ፣ ጉንጩን እንጨቱ ላይ ለጥፎ ሮጠ። ፊቱን አየሁት። ከብዙ ዘመን በኋላ ቤቱ የገባ ሰው ፊት ነበር። ልጄን ሲያያት ያን ፊት አንድም ቀን አላየሁበትም። ፈልጌ፣ አስታውሼ፣ የእሁዱን ምሳ ሁሉ በሐሳቤ ገልብጬ አጣሁት።

«በርታ!» ብላ ጮኸች ኤርሲሊያ። «በርታ፣ በርታ!» ከዚያ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። የገዛ ጉሮሮዋ የከዳት ሰው ይመስል ደነገጠች። እሱ ቀና አላለም። ከወሳንሳው ሥር ሆኖ ቀና ማለት አይቻልም፤ እኔም ይሄን አውቃለሁ። ቢሆንም ቀና ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«አያችሁት የወንድሜን ትከሻ!» ዜሊንዳ እያለቀሰች ሁለታችንንም ሳመችን። «ይሄ ልጅ የኛ ነው! ሠርጉ ወይን ሲለቀም ይሁን!» ብላ ተራራውን ልትወጣ ከሰዉ ጋር እየተጋፋች ሄደች።

እንጦንስ አለፈ። ጎዳናው ባዶ ሆነ። ኤርሲሊያ ሻሿን ከራሷ ፈታች፣ አጣጠፈች፣ ደግማ ፈታች።

«እማዬ።»

«ወዬ ልጄ።»

«ስላንቺና ስለ አባዬ ፍቅር ስትነግሪኝ ነው ያደግኩት። እንደ እናንተ ይሁንልኝ ብዬ ነው የጸለይኩት።»

መስኮቱን ዘጋሁት።

«አባዬን ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?»

ምኑን ብዬ አልጠየቅኳትም። «አንድም ቀን» አልኩ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት?»

«ይሄን ሁሉ ዓመት።»

«ለምን?»

ብዙ ነገር ልነግራት እችል ነበር። ክረምት ክረምት እግሬን በእግሩ መሀል አድርጎ ያሞቅልኝ እንደነበር። እሷን ስወልድ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አልነሣም እንዳለ። ኮክ ሲበስል የመጀመሪያውን ለእኔ እንደሚልጥ። የሚወድ ሰው የሚያደርገውን ሁሉ አድርጓል፤ አንዱም ግን የጠየቀችኝን አይመልስም።

«ዝም እንዳይለኝ ፈርቼ» አልኳት።

ልጄ ዞራ አየችኝ። ታዝንልኛለች ብዬ ነበር። ዐይኗ ውስጥ ያገኘሁት ግን ሐዘኔታ አልነበረም። ጧት፣ አዳራሹ ውስጥ፣ ሳቬሪዮን ያየችበት ዐይን ነበር።